ዜን 6 ወይስ ኖቫ ሌክ? ለሚጠብቅ ሰው የሚሻለው ቦርድ

«አሁን ልግዛ ወይስ አዲሱ ፕሮሰሰር እስኪወጣ ልታገስ?» የሚለው ጥያቄ አላባራም። የሚጠበቁት የኤኤምዲው ዜን 6 እና የኢንቴሉ ኖቫ ሌክ ናቸው። የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ደህና የኤኤም5 (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሚሰካበት ሶኬት) ማዘርቦርድ ግዙ፣ ርካሽ ፕሮሰሰር ሰኩበት፣ አዲሱን እየሠራችሁ ጠብቁ።

ዋናው ጉዳይ ሶኬቱ ነው። ኤኤምዲ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ኤኤም5 ቢያንስ እስከ 2027 እደግፋለሁ ብሏል። ዜን 6 እዚሁ ሶኬት ላይ ይገባል፣ የአንዱ ቺፕሌት (የፕሮሰሰሩ አንድ ክፍል የሆነ ትንሽ ቺፕ) ኮር ከ8 ወደ 12 ያድጋል የሚባለው ወሬ ነው፤ ግን ከኤኤም5 በፊት የነበረውን የኤኤም4 ሶኬት ታሪክ ላየ ሰው ይታመናል። በ2017 የተገዙ ብዙ ቦርዶች በ2022 የወጣውን 5800ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የቦርዱን ሶፍትዌር) በማደስ ብቻ ተቀብለዋል። ኢንቴል ደግሞ ኖቫ ሌክን በ2026 መጨረሻ አወጣለሁ ብሏል፤ የሚወራለት ሶኬት ባለ 1954 ፒን ነው። እውነት ከሆነ የዛሬው የኢንቴል ባለ 1851 ፒን ቦርድ ለቀጣዩ ትውልድ አይሆንም ማለት ነው።

ሒሳቡን እዩት። የኤኤምዲው ራይዘን 5 7600 ሲወጣ 229 ዶላር ነበር፣ ማቀዝቀዣውም ካርቶኑ ውስጥ አለ። የኢንቴሉ ኮር አልትራ 5 245ኬ በ309 ዶላር ወጣ፣ ማቀዝቀዣ ለብቻው ይገዛል። ከ80 ዶላሩ ልዩነት ላይ ማቀዝቀዣውን፣ በኋላም አዲስ ቦርድ ደምሩበት።

ቦርድ ስትመርጡ ከጀርባው የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ያለውን ውሰዱ። አዲስ ፕሮሰሰር በአሮጌ ባዮስ አይነሳም፤ ይህ ቁልፍ ካለ ግን ያለ ፕሮሰሰርም ይታደሳል። የቦርዳችሁን ትክክለኛ ሞዴልና ሪቪዥን (የእትም ቁጥር) የባዮስ ፋይል አውርዱ፣ ስሙን ማኑዋሉ እንደሚለው ቀይሩ፣ ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጉ፣ ምልክት ባለው ወደብ ሰክታችሁ ቁልፉን ተጫኑ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለቷን እስክታቆም አትንኩት። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት። መሃል ላይ ቢጠፋም ፍላሽባክን ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው መድገም ይቻላል፤ ከባዮስ ገጹ ውስጥ ሲያድሱ ከጠፋ ግን ቦርዱ ሊሞት ይችላል።

የኤኤም5 ጉድለት ራም ላይ ነው። ዲዲአር5 ብቻ ይቀበላል፣ ዋጋውም ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ክፉኛ ንሯል። አራት ራም አትደርድሩ፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ሁለት ባለ 16 ጊጋ ይበቃል። መጀመሪያ ሲበራ ራሙን እስኪለማመድ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ይሆናል። ተበላሽቷል ብላችሁ አታጥፉት።

ብር ካጠረ ያገለገለ የኢንቴል ባለ 1700 ፒን ቦርድ ከዲዲአር4 ራም ጋር ያስኬዳል፣ ፕሮሰሰሩ 12ኛ ትውልድ ከሆነ። ያገለገለ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ አይ7 ወይም አይ9ን ግን ተዉት፤ በቮልቴጅ ችግር የተጎዳውን የ2024ቱ ማይክሮኮድ (የኢንቴል የሶፍትዌር ማስተካከያ) አያድነውም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚያመጣላችሁን ሰው የታሸገ ካርቶን እንዲገዛ ንገሩት፤ ያለ ካርቶን የሚሸጠው የትሬይ ፕሮሰሰር የፋብሪካው ቀጥታ ዋስትና የለውም።

ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት የሶኬቱን ክዳን አስከፍቱ፣ የስልክ መብራት ከጎን አብርታችሁ ፒኖቹን በየረድፉ እዩ። አንድ ፒን ብቻ ቢጎብጥም አንዱ የራም ቻናል (ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር) ሊጠፋ ይችላል፣ ቦርዱ ግን የሚሠራ መስሎ ይነሳል። ስለዚህ ራሙ በሁለቱም ቻናል ሙሉ መቆጠሩን ባዮስ ውስጥ ሳታዩ ብር አትስጡ።