አዮዋ ወይስ ስታንፎርድ? ቤት ለሚማሩ ልጆች የሚሆን ፈተና

ሁለቱን ልጆቻችንን ሐዋሳ ቤታችን ውስጥ እናስተምራለን። ወደ አሜሪካ ስንመለስ ትምህርት ቤት የሚቀበለው ውጤት ስለሚያስፈልገን ምርጫው የተማሪን የንባብና የሒሳብ ደረጃ በሚለኩት በአዮዋና በስታንፎርድ ፈተናዎች መካከል ሆነ።

ዋናው ልዩነት ሰዓት ነው። አዮዋ እያንዳንዱን የፈተና ክፍል በደቂቃ ይገድባል፤ ስታንፎርድ የሚመከር ጊዜ እንጂ ጥብቅ ገደብ የለውም። ትልቋ ልጄ እጇ ፈጣን ስለሆነ አዮዋ አያስጨንቃትም። ታናሹ ግን ስልኬ ላይ ደቂቃው መቁጠር ሲጀምር እርሳሱን ያኝካል። ያው ልጅ ሰዓቱን ስደብቅለት ክፍልፋይ አይስትም። ለእሱ ስታንፎርድ ብዬ ቆርጫለሁ።

በሌላው ብዙም አይለያዩም፤ ሁለቱም አሜሪካዊ ናቸው። ልምምድ ላይ «ሦስት ኳርተር (ባለ 25 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ) ስንት ሳንቲም ነው?» የሚል ሲመጣ ታናሹ ዝም አለ፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገዝቶ መልሱን ቆጥሮ የሚቀበል ልጅ! ኢንችና ፓውንድም አስቀድሞ ማስተማር ያስፈልጋል።

ናሙና ውጤቱን ስናይ የባለቤቴ ፊት ጠቆረ፦ «60 ብቻ?» አለ። 60ኛ ፐርሰንታይል ግን ከመቶ 60 ማግኘት አይደለም፤ በዚያው የክፍል ደረጃ ካሉ መቶ የአሜሪካ ልጆች ስልሳ ያህሉን መብለጥ ነው።