ባንድካምፕ፦ አልበምን የራስ ለማድረግ

ሙዚቃ ገዝቶ ማስቀመጥ ለሚወድ ሰው ባንድካምፕ የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ የሚያህል የለም። የከፈሉበትን አልበም በኤምፒስሪ (MP3)፣ በፍላክ (FLAC) ወይም በዌቭ (WAV) የፋይል ዓይነት ያወርዱታል፤ ፋይሉ የቅጂ መከላከያ ቁልፍ የለበትም፣ ስልክ ቢቀየርም አብሮ ይሄዳል። ለማስቀመጫ ፍላክ ይሻላል፤ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ከዌቭ ግማሽ ያህል ቦታ ይይዛል። ኤምፒስሪ ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ ስለሚቆርጥ፣ እሱን ወደ ፍላክ መቀየር ግን ከንቱ ድካም ነው፦ ፋይሉ ያብጣል እንጂ የተቆረጠው ድምፅ አይመለስም። የመድረክ ቅጂ ከሆነማ ኤምፒስሪ በየዘፈኑ መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ጸጥታ ስለሚጨምር ጭብጨባው መሃል ላይ ቁርጥ ሊል ይችላል።

ለወዳጅ ሲያጋሩ የገጹን ሊንክ ይላኩ፤ ብዙው ሳይገዛም ይደመጣል። ይህ ነጻ ድምፅ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ብቻ፣ ማለትም በጣም የተጨመቀ፣ ስለሆነ ጸናጽሉ እንደ አሸዋ ይንሿሿል፤ የቅጂውን ጥራት በዚያ አይፍረዱ። ከዲጂታል ሽያጩ ድርጅቱ በመደበኛነት 15 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪ ለብቻው ነው።