599 ዶላር የሚለው የመርከብ ጉዞ፦ ባዶ ቲኬት ይሻላል ወይስ ፓኬጅ?

ሰሞኑን ብቻ ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «የክሩዝ ማስታወቂያ አየሁ፤ 7 ሌሊት በ599 ዶላር ይላል። እውነት ነው?» እውነት ነው። ግን 599 ዶላር ብቻ ከፍሎ ከመርከብ የወረደ ሰው አላውቅም። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ምርጫው በሁለት መንገድ መካከል ነው። አንደኛው ባዶ ቲኬት ነው። መኝታውን፣ ዋናውን ምግብ ቤትና ቡፌውን ትገዛላችሁ፤ ሌላውን እየመረጣችሁ ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው መጠጡን፣ ዋይፋዩን፣ አንዳንዴም ጉርሻውን ጠቅልሎ የሚሸጠው ፓኬጅ ነው። ሁለቱንም በገንዘቤ ሞክሬያቸዋለሁ። አሁን ቢሰጡኝ ዓይኔን ሳላሽ ባዶውን ቲኬት እወስዳለሁ። ምክንያቴ ሂሳቡ ነው።

599 የሚለው ለአንድ ሰው ነው፤ ያውም ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ዋጋ ይከፍላል። ክፍሉም መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ነው። ስለዚህ ለባልና ሚስት 1,198 ዶላር ሆነ። የወደብ ክፍያና ታክስ ለአንድ ሰው 150 ብንይዝ 300 ይጨመራል። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ የግዴታ ክፍያዎች ከማስታወቂያ ዋጋ ተነጥለው እንዳይደበቁ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአሜሪካ ገበያ የወደቡንም ጨምረው ያሳያሉ። ሌላ ቦታ እንደየአገሩ ስለሚለያይ እስከ መጨረሻው የክፍያ ገጽ ሄዳችሁ እዩ።

ቀጥሎ ጉርሻ አለ። በትልልቆቹ መርከቦች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር በራሱ ሂሳባችሁ ላይ ይወድቃል። ለልጆችም አብዛኞቹ ያስከፍላሉ። 17 ብንይዝ ለሁለት ሰው በ7 ቀን 238 ዶላር ነው። አንዳንድ ሰው እንግዳ መቀበያው ሄዶ ያስነሳዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ክፍላችሁን በየቀኑ የሚያጸዳው ልጅና ሳህናችሁን የሚያነሳችው ልጅ ኑሯቸው በዚያ ላይ የቆመ ነው። ሌላ ቦታ ቆጥቡ።

እስካሁን 1,736 ዶላር ደረስን። ይህን ቁጥር ያዙት። ከአውሮፕላን ትኬት በስተቀር የባዶው ቲኬት እውነተኛ ዋጋ ይህ ነው። ለዚህ ገንዘብ መኝታ፣ በቀን ሦስቴ ምግብ፣ ውሃ፣ ሻይ፣ ተራ ቡና፣ ጠዋት ጭማቂ፣ የማታ ትርዒትና የመዋኛ ገንዳ አለ። ማንም አይራብም፤ ማንም አይጠማም።

አሁን ፓኬጁን እንየው። ያልተገደበ የመጠጥ ፓኬጅ በቀን 80 ዶላር ቢሆን፣ 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 94 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። ለሁለት ሰው በ7 ቀን 1,322 ዶላር ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ መጠጡ ከጉዞው ከራሱ ቲኬት በለጠ! አንድ ኮክቴል 12 ዶላር ቢሆን ከነአገልግሎቱ 14 ዶላር ግድም ይመጣል። ገንዘባችሁን ለማስመለስ እያንዳንዳችሁ በቀን 7 ብርጭቆ ያህል መጠጣት አለባችሁ። መርከቡ ወደብ በሚቆምበት ቀን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ውጭ ናችሁ፤ ፓኬጁ ግን ያን ቀንም ይቆጥራል።

እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ለራሴ ብቻ ልገዛ ነበር። ባለቤቴ አልኮል አትጠጣም። በዚያ መርከብ ደንብ ግን በአንድ ክፍል ያሉ አዋቂዎች አንዱ ከገዛ ሁሉም መግዛት አለባቸው። ይህ ደንብ በብዙ መርከቦች አለ። እሺ ብለን ለሁለታችንም ከፈልን። በአራተኛው ቀን ከሰዓት ባለቤቴን ገንዳው ዳር አገኘኋት። የማንጎ ጭማቂ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። በረዶው ቀልጦ ጭማቂው ሁለት መልክ ይዟል። «አልጠማኝም፤ ግን ተከፍሎበታል» አለችኝ። በጣም አዘንኩ። ልታርፍ የመጣች ሰው እንደ ግዴታ ትጠጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጠጥ ፓኬጅ ገዝቼ አላውቅም።

«መጠጥ በነፃ» የሚል ማስታወቂያም አለ። መጠጡ ነፃ ነው ይላሉ፤ የአገልግሎት ክፍያው ግን አይቀርም። ለአንድ ሰው በቀን ከ20 ዶላር በላይ የሚጠይቁ አሉ። በ7 ቀን ለሁለት ሰው ከ280 ዶላር ያልፋል። ነፃ የሚል ቃል ስታዩ ከሥሩ ያለውን ትንንሽ ጽሑፍ አንብቡ።

ሚዛን ለመጠበቅ አንድ ነገር ልበል። መጠጡን፣ ዋይፋዩንና ጉርሻውን አንድ ላይ አስሮ በቀን 65 ዶላር አካባቢ የሚሸጥ ፓኬጅ ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ለሁለት ሰው በ7 ቀን 910 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ የጉርሻውን 238 ቀንሱ። ለሁለት ስልክ ዋይፋይ በቀን 25፣ 25 ብትገዙ የሚወጣውን 350ም ቀንሱ። 322 ዶላር ይቀራል፤ ለአንድ ሰው በቀን 23 ዶላር ማለት ነው። ሁለታችሁም በቀን ሁለት ብርጭቆ የምትጠጡና ሁለታችሁም ዋይፋይ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ያዋጣል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ አያዋጣም። እንደ ሪጀንት ሰቨን ሲስ ያሉት ጉብኝቱን ጭምር በዋጋቸው የሚያካትቱ የቅንጦት መርከቦች ዋጋቸው ሌላ ዓለም ስለሆነ እዚህ አላስገባኋቸውም።

ባዶ ቲኬት የገዛ ሰው ገንዘቡ የሚፈስበትን ቀዳዳ ማወቅ አለበት። ትልቁ ቀዳዳ የወደብ ጉብኝት ነው። በመርከቡ በኩል ስትገዙ ለአንድ ሰው 90 ዶላር የሚጠየቅበት የግማሽ ቀን ጉብኝት ብዙ ነው። ሦስት ወደብ፣ ሁለት ሰው፣ 540 ዶላር። መርከቡ ከተማው መሃል የሚቆም ከሆነ በእግር ውረዱ፤ በአውቶቡስ ሂዱ። የታሪክ ቦታው ሩቅ ከሆነና መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ግን በመርከቡ በኩል ግዙ፤ ምክንያቱም መርከብ የሚጠብቀው የራሱን ጉብኝት ብቻ ነው። በራሱ የሄደ ሰው ቢዘገይ ጥሎት ይሄዳል። ቀጣዩ ወደብ ድረስ በራሱ ወጪ መድረስ የእሱ ጣጣ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድሜ እመለሳለሁ።

ስልክ ሌላው ነው። መርከቡ ባሕር መሃል ሲገባ የራሱን የሞባይል ኔትወርክ ይከፍታል። ይህ ከተራ ሮሚንግ (የአገራችሁን ሲም ውጭ አገር ከመጠቀም) በጣም ይወደዳል። ገና ወደብ ላይ እያላችሁ ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ዋይፋይ ለአንድ ስልክ ብቻ ግዙና ተራ በተራ ግቡበት። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

ክፍልን በተመለከተ የውስጥ ክፍል አትናቁ። ግን ቦታውን ምረጡ። አንድ ጊዜ በጣም ርካሹን፣ ክፍሉን ኩባንያው የሚመርጥበትን ዓይነት ገዛሁ። የደረሰኝ ከመዋኛ ገንዳው ፎቅ ሥር ነበር። ሌሊቱ ሳይነጋ ወንበር ሲጎተት ከራሴ በላይ ክርርር ይላል። ሰባት ቀን እንዲህ ነጋልኝ። አሁን 40 ወይም 50 ዶላር ጨምሬ ከላይም ከታችም መኝታ ክፍል ያለበትን እመርጣለሁ። ከመርከቡ መሃል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ሲሆን ደግሞ ማዕበሉ ብዙ አያናውጥም።

ቪዛ የሚጠየቅበት ፓስፖርት ላላችሁ ይህን በደንብ አንብቡ። ከግሪክ ፒሬየስ ተነስቶ ቱርክ ኩሻዳሲ ደርሶ የሚመለስ መርከብ ከሸንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጥቶ እንደገና ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃችሁም። ከማያሚ ወደ ካሪቢያን ወጥቶ ለሚመለሰውም እንደዚያው ነው። የሸንገን ቪዛ ለአዋቂ ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሆኗል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ግሪክ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በመርከብ መጥቶ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ ከሚወርድ እያንዳንዱ መንገደኛ 20 ዩሮ ትሰበስባለች።

በአውሮፕላን ስትሄዱ መርከቡ ከሚነሳበት አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። የአንድ ሌሊት ሆቴል ውድ ቢመስልም በረራ ዘግይቶ ጉዞው በሙሉ ከሚያመልጣችሁ ይሻላል። የጉዞ ኢንሹራንስ ላይም አትሰስቱ። መርከቡ ላይ ያለው ሐኪም በነፃ አያክምም፤ ሂሳቡ በክፍላችሁ ስም ይመዘገባል። ከባሕር መሃል በሄሊኮፕተር መወሰድ ቢመጣ ያለ ኢንሹራንስ የሚቻል ወጪ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዟችን ይህን ሁሉ ይዘን የሄድንበት ነበር። ጉርሻውን ከፍለን፣ አንድ ዋይፋይ ገዝተን፣ ማታ ማታ እኔ አንድ ብርጭቆ ወይን እየጠጣሁ፣ አንድ ጉብኝት ብቻ በመርከቡ በኩል ወስደን ተመለስን። ከመጀመሪያው ጉዞ ሂሳብ ከ1,400 ዶላር በላይ ያነሰ ነበር። በመጨረሻው ምሽት ሂሳቡን ስልኬ ላይ ከፍቼ መስመር በመስመር አነበብኩት። ከክፍላችን ፍሪጅ ያልነካናቸው ሁለት ጠርሙስ ውሃ ተመዝግበዋል። ያኔውኑ እንግዳ መቀበያው ወርጄ ነገርኳቸው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰረዙት። በማግስቱ ጠዋት ያው ጠረጴዛ ፊት ያለው ሰልፍ እስከ ደረጃው ድረስ ደርሶ አየሁ።