ለገና ላሊበላ፦ ሆቴል ይሻላል ወይስ የሰው ቤት?

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ሆቴል ሙቅ ውሃ አለው፣ ከዚያ ሁሉ የመንገድ አቧራ በኋላ ታጥቦ በር ዘግቶ መተኛት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ገና ሲቃረብ ነው። ዋጋው ጣራ ይነካል። እኔ ከወር በፊት በስልክ አልጋ ይዤ ስደርስ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቀኝ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሻንጣዬን ይዤ ስንከራተት አንዲት እናት «ና ልጄ፣ ግባ» አሉኝ። ፍራሹ መሬት ላይ ነው፣ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። በሌሊት ቀስቅሰው ወደ ቤተ ማርያም ወሰዱኝ፤ ማለዳ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር፣ ግማሾቹ ካህናት ከላይ አለቱ ጫፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ግቢው ውስጥ ሆነው ሲቀባበሉ በደንብ የሚታይበትን ቦታ እሳቸው ባያሳዩኝ ኖሮ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሜ እቀር ነበር።

አቅመ ደካማ ወላጅ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ሆቴል ያዙ፣ ግን ቀድማችሁ ክፈሉና ደረሰኝ ተቀበሉ። ለብቻችሁ ከሆናችሁ የሰው ቤት ይሻላል። ቡናና ስኳር ይዛችሁ ግቡ።