ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ የሸጡልን የሸናንዶዋ አርቢ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ሆናችሁ ዘሩ የታወቀ ቡችላ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኛ የገዛነው ጀርመን ሼፐርድ ነው። የሸጡልን ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ በመኖሪያ ቤታቸው የሚያረቡ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አሜሪካዊት ናቸው። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፤ የሚሠሩት ሱቅ ከፍተው ሳይሆን በሚኖሩበት ቤት ነውና። አሠራራቸውን ግን ደጉንም ጉድለቱንም እነግራችኋለሁ። ነገ ሌላ ውሻ ብፈልግ የምደውለው ለእሳቸው ነው።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ አይተን ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የቤት እንስሳት መደብሮች ውሻና ድመት እንዳይሸጡ በሕግ ተከልክለዋል። ሕጉ የወጣው እናት ውሾችን በጠባብ ጎጆ ዘግተው እያከታተሉ የሚያስወልዱ ነጋዴዎች ገበያ እንዲያጡ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ንግዱ ግን አልጠፋም፤ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።

አንዱ ሻጭ 700 ዶላር ብሎ የሚያማምሩ ፎቶዎች ላከልን። ቡችላው በአውሮፕላን ይመጣላችኋል፣ እናንተ ግማሹን በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው ገንዘብ በሚላክበት መንገድ) ላኩ አለ። ባለቤቴ "እሺ፣ በቪዲዮ ይደውሉና ከእናቱ ጋር ያሳዩን" ስትለው ድምፁ ጠፋ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ከእኛ በፊት ከሌላ ሰው ገዝቶ ነበር። ሻጩ ቤቱን አላሳየውም። የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ላይ ተገናኙና ቡችላውን በካርቶን አስረከበው። ብዙም ሳይቆይ ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው። ፓርቮ የሚባለው፣ ቡችሎችን የሚገድል የአንጀት ቫይረስ ነበር። ሐኪም ቤት አስተኙት፤ አልተረፈም። ሻጩ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳም። ልጆቹ እስካሁን የቡችላው ነገር ሲነሳ እንባቸው ይመጣል። ስለዚህ እኔ ይህን ጉዳይ የገንዘብ ብቻ አድርጌ ላየው አልችልም።

ከመጠለያ ለምን አልወሰዳችሁም የሚል ይኖራል። ጓደኞቻችን ወስደው ደስተኞች ናቸው፤ እኔም ለብዙ ሰው የምመክረው ነው። የእኛ ትንሿ ልጅ ግን ውሻ በጣም ትፈራለች። ከማን እንደተወለደ የምናውቀው፣ የእናቱን ጠባይ በዓይናችን ያየነው ቡችላ ፈለግን።

ሴትዮዋን ያገኘናቸው በአሜሪካ የጀርመን ሼፐርድ ክለብ በኩል ነው። ክለቡ በ1913 የተመሠረተ ሲሆን አርቢ ለሚፈልግ ሰው አባላቱን ይጠቁማል። ስደውል ስለ ዋጋ ልጠይቅ ነበር። ጠያቂዋ እሳቸው ሆኑ። ቀን ቀን ቤት ማን አለ? ግቢያችሁ ታጥሯል? ቤቱ ኪራይ ነው የራሳችሁ? ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ውሻው የሚያድረው የት ነው?

እውነቱን ነገርኳቸው። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። ውሻችን ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ ሌባ ይጠብቃል። እቤት ከገባ በመጥረጊያ ይባረራል። ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም፣ አልሳቁብኝምም። ቁርጡን ግን ነገሩኝ፤ "ውጭ ታስሮ የሚያድር ከሆነ አልሸጥልዎትም። ይህ ዝርያ ከሰው ከተነጠለ ይበላሻል።" ይህ ንግግር ደስ አለኝ። ገንዘብ ለመቀበል የቸኮለ ሰው ገዢ አይመልስም።

እናቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። የእሷ ጭንቀት የእብድ ውሻ በሽታ ነበር። ፓስተር ሄዶ ሆዱ ላይ መርፌ የተወጋ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ ፍርሃት ይገባዋል። ሴትዮዋ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌላቸው የክትባቱን ቅደም ተከተል አንድ በአንድ አስረዱ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ሜሪላንድ ውስጥ ውሻ 4 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መከተቡ ግዴታ መሆኑን ስትሰማ እናቴ ትንሽ ተረጋጋች።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን "ኤኬሲ ወረቀት አለው" ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ኤኬሲ በ1884 የተቋቋመ የአሜሪካ የውሾች መዝገብ ነው። ወረቀቱ የሚናገረው የቡችላው እናትና አባት በመዝገቡ ውስጥ ያሉ የአንድ ዝርያ ውሾች መሆናቸውን ነው። ስለ ጤናቸው አይናገርም። ዳሌው የተበላሸ ውሻም ይህ ወረቀት ሊኖረው ይችላል። "ከፌደራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ አለን" የሚሉ ሻጮችም አሉ። የፌደራሉ ደንብ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የጎጆ ስፋት ርዝመቱም ወርዱም ከውሻው ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚበልጥ ነው። እንዲህ ያለ ፈቃድ እኔን አያጽናናኝም።

ጀርመን ሼፐርድን አብዝቶ የሚያሰቃየው የዳሌና የክርን መገጣጠሚያ ነው። የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ አይቀመጥም። እየተፋጨ ይጎዳል፣ ውሻው ገና በወጣትነቱ ማነከስ ሊጀምር ይችላል። ችግሩ በዘር ስለሚተላለፍ ጠንቃቃ አርቢ እናትና አባቱን ሳያስመረምር አያገናኝም። ራጁ የሚላከው ኦኤፍኤ ወደሚባል፣ ሚዙሪ ወዳለ ድርጅት ነው። ሦስት የራጅ ሐኪሞች ለየብቻ አይተው ደረጃ ይሰጡታል። ኤክሰለንት፣ ጉድ ወይም ፌር ካገኘ አልፏል። የዳሌው የመጨረሻ ቁጥር የሚሰጠው ደግሞ ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ "እናቲቱ ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው፣ ግን ምርመራ ጨርሳለች" የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ሴትዮዋ የሁለቱንም ቁጥር ሳልጠይቃቸው በኢሜይል ላኩልኝ። "እኔን አይመኑ፤ ራስዎ ገብተው ይዩት" አሉኝ። የድርጅቱን ድረ ገጽ ማየት በነጻ ነው። ቁጥሩ መሃል ያለችው አንዲት ፊደል ደረጃውን ትናገራለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ውሻው ራጅ ሲነሳ ስንት ወር እንደነበረው ያሳያል። እናቲቱ ጉድ ናት፣ 27 ወሯ ላይ የተነሳች። አባቱ ኤክሰለንት ነው። የሁለቱም ክርን ኖርማል። ማታ ከሥራ ገብቼ ይህን በስልኬ ሳነብ ልቤ አረፈ።

ዲኤም የሚባልም በሽታ አለ። ውሻው ሲያረጅ፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 ዓመቱ በኋላ፣ የኋላ እግሮቹን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ የአከርካሪ ገመድ በሽታ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ለበሽታው የሚያጋልጠው ዘረ መል ግን ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና ይታወቃል። ሴትዮዋ እናቲቱ አንድ ቅጂ የተሸከመች መሆኗን ራሳቸው ነገሩኝ። አባቱ ነጻ ነው። ለበሽታው የሚያጋልጠው ሁለት ቅጂ፣ ከእናትም ከአባትም፣ መውረስ ነው። አባቱ ነጻ ከሆነ ያ አይሆንም። ሌላ ሰው ቢሆን "ሁሉም ንጹህ ነው" ብሎ ያልፈው ነበር። እሳቸው የማያስደስተውንም ነግረውኛልና የሚያስደስተውንም አመንኳቸው።

ልናያቸው ስንሄድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሰዓት ገደማ ነዳን። በ66 ወጥታችሁ 81 ላይ ትገባላችሁ፤ መንገዱ ቆንጆ ነው። ቤቱ አይሸትም። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለችው እናቴ ናት። ቡችሎቹ ያሉት ወጥ ቤቱ አጠገብ ነው፤ ቫኩም ሲነሳ፣ ድስት ሲወድቅ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ያያሉ። ሆን ተብሎ ነው። ቡችላ ከ3 እስከ 12 ሳምንቱ ገደማ የለመደውን ነገር ሲያድግ እምብዛም አይደነግጥበትም።

እናቲቱ መጥታ አሸተተችንና ትንሿ ልጄ እግር ሥር ተኛች። ልጄ መጀመሪያ እኔ ላይ ተለጠፈች። ቆየት ብላ ጆሮዋን ነካቻት። ያን ጊዜ ባለቤቴን አየኋት፤ እሷም እኔን አየችኝ። ጨረስን።

አባቱ እዚያ አልነበረም። ይህ አያስደንግጣችሁ። ጥሩ አርቢ ለእናቲቱ የሚስማማ ወንድ ሌላ ክፍለ ሀገር ድረስም ቢሆን ይፈልጋል። ይልቅ እኔን የሚያጠራጥረኝ ሁልጊዜ ያው ወንድና ያቺው ሴት ግቢ ውስጥ ተቀምጠው የሚያረቡበት ቦታ ነው። እናቲቱን አላሳይም ካሏችሁ ግን ምክንያቱን አትስሙ፤ መኪናችሁን አስነሱ።

ቡችላውን እኛ አልመረጥንም። ሴትዮዋ 7 ሳምንት ሲሞላቸው የእያንዳንዱን ጠባይ ይፈትናሉ፤ ከዚያ ለየቤቱ የሚስማማውን ይመድባሉ። ወንዱ ልጄ ዓይኑን የጣለው ጥቁሩና ደፋሩ ላይ ነበር። "እሱ ሥራ የሚፈልግ ውሻ ነው፤ የሚያሠለጥነው ሰው ጋር ይሄዳል" አሉት። ለእኛ ረጋ ያለውን ሰጡን። ልጄ ለጊዜው አኮረፈ። እኔ ግን ትክክል ነበሩ እላለሁ። ቡቺ ብለን የጠራነው ይህ ቡችላ ትንሿ ልጅ ስትሮጥ አይነክስም፣ አይዘልባትም።

ዋጋው 2,600 ዶላር ነው፤ 400ው በቅድሚያ በቀብድ የሚከፈል። ለብዙዎቻችን አይቀመስም፤ አውቃለሁ። ቡችላው 8 ሳምንት ሲሞላው የመጀመሪያ ክትባቱን ወስዶ፣ የሆድ ትላትል መድኃኒት ተሰጥቶት፣ ማይክሮቺፕ ተቀብሮለት፣ የለመደው ምግብ ተቋጥሮለት መጣ። በውሉ መሠረት በ72 ሰዓት ውስጥ የራሳችን ሐኪም ጋር እንወስደዋለን። የዳሌ ችግር እስከ 2 ዓመቱ ቢገኝበት ኃላፊነት ይወስዳሉ። ዓመት ሳይሞላው እንዳናስኮላሸው ይጠይቃሉ፤ ካሊፎርኒያ ያለው የዩሲ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከዓመት በፊት የተኮላሹ ጀርመን ሼፐርዶች የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ውሻው በየትኛውም ዕድሜው እኛ ማሳደግ ካቃተን ለእሳቸው እንመልሳለን፤ እሳቸውም ይቀበላሉ። ያስወለዱትን ነፍስ እስከ መጨረሻው የእኔ ነው የሚል ሰው ብዙ አይገኝም።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ለመልእክት ቶሎ አይመልሱም፤ በተለይ ውሻ በሚወልድበት ሰሞን ፈጽሞ አይገኙም። ወረፋው ዓመት ሊፈጅ ምንም አልቀረውም፤ ልጆች ላለው ሰው ይህ ከባድ ነው። ዋጋውን በየጊዜው ከፋፍሎ መክፈል አይቻልም። የመጀመሪያው ምርመራ ላይ ደግሞ ሐኪማችን ቡቺ ሰገራ ውስጥ ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ተውሳክ አገኘ። ቡችሎች ላይ የተለመደ ነው ቢለንም ከፍተኛ ዋጋ ከፍለን ስለነበር ተናደድኩ። ስደውል አልተከራከሩኝም። የመድኃኒቱን ዋጋ መለሱልኝ፣ በዚያው ቀን ወንድምና እህቶቹን ለገዙት ሰዎች ሁሉ አስመርምሩ ብለው ጻፉ።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስወልዱት። ልታነጋግሯቸው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ የአጥራችሁን ፎቶ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፣ ተከራይ ከሆናችሁም የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ሁለቱንም ይጠይቋችኋል።