ማዘር ቤት፦ ከጃን ሜዳ በላይ ያለችው የተማሪዎች እርጥብ ቤት

ስለ ክትፎ ቤት የሚጽፍ ሞልቷል። ቦሌ አዲስ ካፌ ሲከፈት ፎቶውም ዋጋውም በማግስቱ ይወጣል። ስለ እርጥብ ቤት የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። የአዲስ አበባ ተማሪ ደግሞ ሃይስኩልን የሚጨርሰው በእርጥብ ነው። እኔም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ምሳዬ እሱ ነበር። 2017 ላይ ማትሪክ ተፈተንኩ፣ አሁን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነኝ። ለሴሚስተር እረፍት ቤት ስመጣ ማዘር ቤት ሄጄ በላሁ። ይህን የምጽፈው ሚጥሚጣው ገና ከከንፈሬ ሳይለቅ ነው።

ቤቷ ከጃን ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚያወጣው የውስጥ መንገድ ላይ ነች፣ ከአንድ ሃይስኩል አጥር ጀርባ። ታፔላ የላትም። በቆርቆሮ የተሠራች አንድ ክፍል፣ ወደ መንገዱ የምትከፈት መስኮት፣ ውስጥ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበርና ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ። በቃ ይኸው ነው። ባለቤቷን ተማሪው ሁሉ «ማዘር» ስለሚላቸው ቤቷም ማዘር ቤት ሆና ቀረች። የሰፈሩን ሰው «የማዘር እርጥብ የት ነው?» ብትሉት እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል።

እርጥብ በልታችሁ ለማታውቁ፦ ዳቦ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ በበርበሬ በተለወሰ ዘይት ይርሳል፣ ከዚያ ቺፕስ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይገባበታል። ላዩ ላይ ሚጥሚጣ ይነሰነሳል። ስፔሻል ካላችሁ እንቁላል ይጨመራል። ይህን ሁሉም ቤት ይሠራዋል። ማዘር ግን ድንቹን ጠዋት ጠብሰው አይከምሩትም። ትንሽ ትንሽ እየከተፉ እዚያው ስለሚጠብሱት ሁልጊዜ ትኩስ ነው፤ ጫፉ ጠንከር ይላል፣ መሃሉ ይለሰልሳል። ዳቦውንም ከሞሉት በኋላ መጥበሻው ጠርዝ ላይ ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉታል። ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ እንደራሰ ይቆያል። ጅማ ከሄድኩ ወዲህ የቀመስኳቸው እርጥቦች ሁሉ ይህችን የመጨረሻዋን ሥራ ይዘሏታል።

ኖርማሉ የጾም ነው። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከእሑድ በቀር 55ቱንም ቀን ሰልፉ ይረዝማል። ከጎኑ ሻይ ወይም ስፕሪስ ውሰዱ። ሳምቡሳውን እለፉት፤ ጠዋት የተጠበሰ ስለሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ደርቆ ነው የምታገኙት።

ዋጋው ጨምሯል። 2014 ላይ 9ኛ ክፍል ስገባ ኖርማል 25 ብር ነበር፣ አሁን 80 ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም ዱቄቱም የት እንደደረሰ የማያውቅ የለም። ዳቦውም አንሷል። ማዘር ግን ዋጋ ሊጨምሩ ሲሉ ሳምንት ቀደም ብለው ካርቶን ላይ ያጽፉና መስኮቱ ላይ ይለጥፋሉ። ተማሪ የሚመጣው ኪሱ ያለውን ቆጥሮ ነው፤ መስኮቱ ጋ ደርሶ እንዲያፍር አይፈልጉም። ለዚህ ብቻ እንኳ አከብራቸዋለሁ።

ወደ መስተንግዶው ልምጣ። ማዘር የሚቆሙት መጥበሻው አጠገብ ነው። ዘይቱ ይንጫረራል፣ ተማሪው ይንጫጫል፤ የሚሰሙት ጮክ ተብሎ የተነገረውን ብቻ ነው። ሰልፍ ብዬ ጠራሁት እንጂ ምሳ ሰዓት ላይ ግፊያ ነው። እኔ የመጣሁት ከትንሽ የግል ትምህርት ቤት ነበር። ከ60 በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል ገብቼ በመጀመሪያው ወር ከጎኔ ካለችው ልጅ በቀር ያናገርኩት ሰው የለም። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ «አቤት» የምለው እኔው ብቻ እንድሰማው ነበር። መስኮቱ ጋ ቆሜ «አንድ ኖርማል» ስልም ድምፄ አይወጣም። ትልልቆቹ በጭንቅላቴ ላይ ብር እየዘረጉ ወስደው ይሄዳሉ። ደወል ይደወላል፣ እኔ ሳልበላ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ከኋላዬ የቆመች የ12ኛ ክፍል ልጅ ትከሻዬን ያዝ አደረገችና «ድምፅሽን አውጪ እንጂ፣ አይበሉሽም!» አለችኝ። ጮህኩ። ማዘር ቀና ብለው አዩኝ። «እሺ የኔ ልጅ፣ አሁን ሰማሁሽ» አሉ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ለእኔ ግን ብዙ ነገር የተከተለው ከዚያ ነው። ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ጀመርኩ። 10ኛ ክፍል ላይ ሚኒ ሚዲያ ገብቼ፣ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ማስታወቂያና ግጥም አነብ ነበር። መጀመሪያ ቀን ማይኩን ስይዝ ያሰብኩት ያንን መስኮት ነው። የማዘርን ዘይት ያለፈ ድምፅ ይህንን ግቢም አያቅተውም አልኩ ለራሴ። ጅማ ላይ የመጀመሪያውን ፕረዘንቴሽን ሳቀርብም እጄ አልተንቀጠቀጠም። አብረውኝ የቀረቡት ልጆች ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ፤ ከእርጥብ ቤት ነው ስላቸው የቀለድኩ መሰላቸው።

ዱቤም አለ። እንደ ማዘር ዓይነት ዱቤ ሌላ ቤት አላየሁም። መስኮቱ ጎን ደብተር በገመድ ተንጠልጥሏል፣ እስክሪብቶውም ታስሯል። ስማችሁን፣ ሴክሽናችሁንና የበላችሁትን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ስትከፍሉም ራሳችሁ ትሰርዛላችሁ። ማዘር ዞር ብለው አያዩም።

10ኛ ክፍል ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ አባቴ ሥራ ቆመበትና ለጥቂት ወራት ቤት ዋለ። የኪስ ገንዘብ ቀረ። ምሳ ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ጀመርኩ። ማዘር መጥፋቴን አስተውለው ኖሮ፣ ከትምህርት ስወጣ አይተውኝ «ደብተሩ ለማን የተሰቀለ መሰለሽ?» አሉኝ። ጻፍኩ። ስሜ ገጹን እየሞላ ሲሄድ ማየት ግን ከበደኝ። አባቴን መጠየቅ አልፈለግኩም። ሰፈራችን ያሉ የ4ኛ ክፍል መንትዮችን ማስጠናት ጀመርኩ፣ ከ11 እስከ 12 ሰዓት። የመጀመሪያ ወር ክፍያዬን ይዤ መጥቼ ስሜን ከላይ እስከ ታች ሰረዝኩት። በራሴ ሠርቼ ያገኘሁት የመጀመሪያ ገንዘብ ያ ነው። የተረፈውን ለእናቴ ስሰጣት አልቀበልም ብላ ስትከራከር ከረመች፤ በመጨረሻ በርበሬ ገዛችበት። ማስጠናቱን ግን አባቴ ሥራ ካገኘም በኋላ አልተውኩትም። ደስ ይለኝ ነበር። መንትዮቹ ማካፈል የገባቸው ቀን ከራሴ ውጤት በላይ ነው የተደሰትኩት።

ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ ቢኖርም ማዘር ቤት የገባው እኛ 11ኛ ክፍል ስንደርስ ነው። አሁን ቁጥሩ በካርቶን ተጽፎ ተለጥፏል። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ግን ጥሬ ብር ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ደብተሩ ላይ ነው የምትጽፉት።

ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ከ9 ሰዓት በኋላ ባዶ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ አምስት ሆነን የያዝነው እሱን ነበር። አንድ አንድ ሻይ አዝዘን እናመሻለን። ማዘር «ተነሱ» ብለውን አያውቁም፣ አምፖሉን ወደ እኛ ያዞሩልናል እንጂ። የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ስለቀረ የእኛ ባች የሚጠብቀው አንዱን የ12ኛውን ነው። እኛ 10ኛ እያለን የ2014 ተፈታኞች ውጤት ወጣ፦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ። ያን ሰሞን ግቢው ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4 ሆነ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጥነው እነዚህን ቁጥሮች ይዘን ነው። መጽሐፍ ለሁሉም ስላልደረሰ በፒዲኤፍ ነበር የምናነበው። አንዷ ስልኳን ይዛ ጥያቄውን ጮክ ብላ ታነባለች፣ አራታችን ወረቀት ላይ እንሠራለን።

ሒሳብ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። 9ኛ ክፍል ላይ «አቤት» ማለት ያቃተኝ ልጅ፣ አራት ሰው ፊት ተነሥቼ «አይደለም፣ ቆይ ከመጀመሪያው እንሂድ» እል ነበር። ኬሚስትሪ ግን የአንዷ ጓደኛችን ነው። ሊሚቲንግ ሪአክታንት (ቀድሞ የሚያልቀውና የውጤቱን መጠን የሚወስነው ንጥረ ነገር) አልገባ ብሎን ስንጨናነቅ ወደ ማዘር ዞራ «ዳቦው አስር፣ እንቁላሉ ስድስት ከሆነ ስንት ስፔሻል ይወጣል?» አለች። ማዘር ሳያስቡ «ስድስት፣ አራት ዳቦ ይተርፋል» አሉ። ያን ቀን ሁላችንም ገባን። ፈተናው ላይ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የኬሚስትሪውን ጥያቄ ሳነብ ጆሮዬ ላይ የነበረው የማዘር ድምፅ ነው።

በ2017 ፈተናውን ከወሰዱት 585,882 ተማሪዎች ያለፉት 48,929 ናቸው፣ 8.4 በመቶ። ከአምስታችን ሦስታችን አለፍን። ኬሚስትሪ ያስረዳችን ልጅ በጥቂት ነጥብ ቀረች። ውጤት የወጣ ማታ ደወልኩላት፣ አላነሣችም። በማግስቱ ማዘር ቤት ተገናኘን። ድሮ ሰው ሲያለቅስ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር፤ ተነሥቼ እሄዳለሁ ወይም ወሬ እቀይራለሁ። ያን ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ እንጂ ምንም አላልኩም። ሻያችን ቀዘቀዘ። ማዘር ሳንጠይቃቸው ሌላ ቀዱልን፣ ብሩንም አልተቀበሉም። አሁን ሪሚዲያል (ላላለፉ ተማሪዎች የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ገብታለች። ጅማ ሆኜ የኬሚስትሪ ጥያቄ ሲያስቸግረኝ ፎቶ አንሥቼ የምልከው ለእሷ ነው፤ ከሌክቸረራችን በተሻለ ታስረዳኛለች። ያ የፈተና ውጤት ስለ እሷ የሚያውቀው በጣም ትንሽ ነው።

ጉድለቶቿን አልደብቅም። እጅ መታጠቢያው አንድ ባልዲና ጆግ ነው፤ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ያልቃል። ሽንት ቤት የለም። ጭሱ ዩኒፎርም ላይ ይቀራል፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል ስትገቡ የት እንደበላችሁ ሁሉም ያውቃል። ቲማቲም ሲወደድ ከእርጥቡ ውስጥ ፈልጋችሁም አታገኙትም። መብራት የጠፋ ቀን ወደ ከሰል ስለሚዞሩ ድንቹ ይዘገያል፤ የምሳ ሰዓታችሁ አጭር ከሆነ ያን ቀን ሻይ በዳቦ ይሻላል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከቆርቆሮው ድምፅ የተነሣ ከማዘር ጋር መነጋገር አይቻልም፤ በጣት ነው የምታዝዙት፣ አንድ ጣት ኖርማል፣ ሁለት ጣት ስፔሻል።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣታለሁ። የቀነስኩት አንድ ኮከብ የውሃው ነው፣ ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ። ተማሪ ያልሆናችሁ ሰዎች ከ8 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ከዚያ በፊት ለልጆቹ ተዉላቸው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፣ እሑድ ዝግ ነው።

ይህን ለማዘር የሚያነብላቸው ልጃቸው ነው፤ ስለዚህ በእሱ በኩል አንድ ነገር ላቅርብ። በሩ ጋ ቧንቧ ያለው ትንሽ ሮቶ ቢቆም ተማሪው እጁን ታጥቦ ይበላል። ማዘር ብቻቸውን ይግዙት አላልኩም። በዚያ ጠረጴዛ ያጠናን የ2017 ተማሪዎች ብናዋጣ አይከብደንም። ከአምስታችን ሁለቱን አናግሬ እሺ ብለውኛል፣ የቀሩትን ሁለቱን ወደ ጅማ ከመመለሴ በፊት አገኛቸዋለሁ።