ቡካዮ ሳካ በአርሰናል፦ የቀኝ መስመሩ አገልግሎት ሲገመገም

አርሰናል ሲጨንቀው ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። እዚያ መስመሩን ረግጦ የሚጠብቃት ሰባት ቁጥር ለባሹ ቡካዮ ሳካ ነው። እስከ 2024/25 የውድድር ዘመን መጨረሻ ያሳየውን ይዘን ስንመዝነው፣ ከክለቡ አካዳሚ ወጥቶ ለዋናው ቡድን ይህን ያህል የሰጠ ተጫዋች በዚህ ትውልድ የለም። አጠቃቀሙ ላይ ግን ክለቡ የሚጠየቅበት ነገር አለ።

መጀመሪያ ሥራውን እንይ። ሳካ ግራ እግር ነው፤ የሚሰለፈው በቀኝ ክንፍ። የተጋጣሚን የግራ ተከላካይ ወደ ራሱ ከሳበ በኋላ ሁለት መንገድ አለው። ወደ ውስጥ ከገባ በግራ እግሩ ጠምዝዞ ወደ ሩቁ ቋሚ ይመታል። በውጭ በኩል ካለፈ እስከ መጨረሻው መስመር ወርዶ በቀኝ እግሩ ወደ ኋላ ያቀብላል። ተከላካዮችን የሚያሰቃያቸው ይህ ሁለተኛው ነው። ከእግራቸው በተቃራኒ ክንፍ የሚጫወቱ ብዙዎቹ ወደ ውስጥ ብቻ ስለሚገቡ ተከላካዩ ውስጡን ዘግቶ ይገላገላቸዋል፤ ሳካ ላይ ውስጡን የዘጋ ግን ውጩን ከፍቶለታል። አብዶው ብዙ ጌጥ የለውም፤ ትከሻውን ወደ አንድ ወገን ጣል አድርጎ ወደ ሌላው ይነሳል።

ስለዚህ አሰልጣኞች ሁለት ሰው ይመድቡበታል። የአርሰናሉ አሰልጣኝ ሚኬል አርቴታ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ጠባቂ ወደ ሳካ ሲጠጋ አማካዩ ማርቲን ኦዴጋርድ በሳጥኑ የቀኝ ጠርዝ ነጻ ይሆናል። የቀኝ ተከላካዩ ቤን ዋይት ደግሞ ከኋላ ተነስቶ በውጭ በኩል ይሮጣል። ዋይት በዚህ ሩጫ ብዙ ጊዜ ኳሷ አትደርሰውም፤ የሚሮጠው አንዱን ጠባቂ ይዞ ለመሄድ ነው። ሳካ በ2022/23 በፕሪምየር ሊጉ 14 ጎል አግብቶ 11 ያመቻቸው፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 16 አግብቶ 9 ያመቻቸው ሦስቱ አብረው ሲጫወቱ ነበር።

በ2024/25 ይህ ጥምረት ፈረሰ። ኦዴጋርድ በመስከረም ለኖርዌይ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ፤ ዋይት በኅዳር ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ሳካ በሁለት ሰው መሀል ያለ አጋዥ ቀረ። ያን ጊዜ ድክመቱ ይታያል፦ ኳሷን ከሚገባው በላይ ይይዛል፣ ወደ ኋላ መመለስ ሲኖርበት ሦስተኛ ሰው ለማለፍ ይሞክራል። ቢሆንም በዚያ ዓመት በሊጉ 10 ጎል አመቻችቷል።

ለዚህ ቁጥር አንዱ ምክንያት የማዕዘን ምት ነው። ከቀኝ ማዕዘን በግራ እግር የተመታ ኳስ ወደ ጎሉ እየታጠፈ ይገባል፤ ግብ ጠባቂው በሰው ተከቦ ለመውጣት ይቸገራል፣ በጥቂቱ የተነካች ኳስም መረብ ታገኛለች። የቆሙ ኳሶች አሠልጣኙ ኒኮላ ዦቬር ያዘጋጀውን ዕቅድ መሬት ላይ የሚያወርደው የሳካ እግር ነው። በመስከረም 2024 በአንድ ሳምንት ልዩነት ተከላካዩ ጋብሪኤል ማጋሌሽ በቶተንሃም ሜዳና በማንቸስተር ሲቲ ሜዳ ኢትሃድ በጭንቅላቱ ያስቆጠራቸው ሁለቱም ጎሎች ከሳካ የማዕዘን ምት የተነሱ ናቸው።

ፍጹም ቅጣት ምት ላይ አስተማማኝ ብሎ መናገር ይከብዳል። ሚያዝያ 16 ቀን 2023 በዌስትሃም ሜዳ ቡድኑ 2 ለ 1 እየመራ ወደ ውጭ ላካት፤ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። ልክ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን በሪያል ማድሪድ ሜዳ በርናባው፣ በቻምፒየንስ ሊግ፣ ኳሷን ቺፕ አድርጎ (ከሥር ቀስ ብሎ አንስቶ) ሊያገባ ሲሞክር ግብ ጠባቂው ኩርቱዋ ያዘበት። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ በዚያው ምሽት በሁለተኛው አጋማሽ ጎል አግብቶ ቡድኑ ሪያል ማድሪድን አሰናበተ። በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የሳተው ልጅ በ2024 ስዊዘርላንድ ላይ ያለ ማመንታት ማስቆጠሩም ከዚሁ ጠባይ የመጣ ነው። በአንጻሩ በፓሪስ ከፓሪ ሴን ዠርመን ጋር በቻምፒየንስ ሊጉ ግማሽ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ጎል ካገባ በኋላ ወዲያው ያገኛትን ግልጽ ዕድል ወደ ላይ ሰቀላት። ድካም ሲጫነው አጨራረሱ ቀድሞ ይወርዳል።

ታማኝነቱን በቃል ሳይሆን በፊርማው ጊዜ መመዘን ይሻላል። በሐምሌ 2020 የረጅም ጊዜ ውል ሲፈርም አሮጌው ውል ሊያልቅ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ መድፈኞቹ (አርሰናሎች) ደግሞ ያን ዓመት በሊጉ ስምንተኛ ነበሩ። ዝም ብሎ ቢጠብቅ በነጻ መሄድ ይችል ነበር። ከዚያ ቀደም ተከላካዮች ሲጎዱ በግራ ተከላካይነት ተሰልፎ ያለ ማጉረምረም ሠርቷል። በግንቦት 2023 እስከ 2027 የፈረመውም ዋንጫው ለማንቸስተር ሲቲ ባመለጠ ሰሞን ነው።

ክለቡ ይህን ታማኝነት በእረፍት አልመለሰለትም። ሳካ በፕሪምየር ሊጉ 87 ተከታታይ ጨዋታዎችን ተጫውቶ የክለቡን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሰንሰለቱ የተቋረጠው በጥቅምት 2023 በፈረንሳዩ ክለብ ላንስ ሜዳ ተጎድቶ በመውጣቱ ነው። በታኅሣሥ 21 ቀን 2024 በክሪስታል ፓላስ ሜዳ ሴልኸርስት ፓርክ የታፋው የኋላ ጡንቻ ተበጠሰ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ከሦስት ወር በላይ ወጣ። የዚህ ጡንቻ ጉዳት የሚመጣው በብዛት በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ነው፤ የሳካ ሥራ ደግሞ ቆሞ መነሳት፣ መሮጥ፣ እንደገና ተመልሶ መከላከል ነው። በጥር የዝውውር መስኮት አጥቂ አልተገዛም፤ ቦታው በአብዛኛው ለ17 ዓመቱ ኢታን ንዋኔሪ ተተወ። በየካቲት ዌስትሃም በአርሰናል ሜዳ ኤሚሬትስ 1 ለ 0 አሸንፎ ሄደ፣ ዋንጫውም በ10 ነጥብ ልዩነት የሊቨርፑል ሆነ። ሳካ ሚያዝያ 1 ተቀይሮ ገብቶ ፉልሃም ላይ ወዲያው ማስቆጠሩ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ የተጎዳ ጡንቻ ዳግም የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን መርሳት አይገባም።

በሐምሌ 2025 የክንፍ ተጫዋቹ ኖኒ ማዱዌኬ ከቼልሲ መምጣቱ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። እሱም ግራ እግር ስለሆነ የቀኝ መስመሩ አሠራር አይለወጥም። ቡድኑ በሁለት ጎል ሲመራ ሳካ 60ኛው ደቂቃ አካባቢ ይውጣ፤ የሊግ ካፕ የመጀመሪያ ዙሮች ለማዱዌኬ ይሰጡ። በመሀል ሳምንት ቻምፒየንስ ሊግ ሙሉ 90 ደቂቃ ከተጫወተ የሚቀጥለውን የሊግ ጨዋታ ከተቀያሪ ወንበር ይጀምር። የማዕዘን ምቱን ኦዴጋርድ በግራ እግሩ ከዚያው ማዕዘን ሊመታው ይችላል።